ፀረ እንግዳ አካል የሌላቸው የባህር እንስሳት በምን ይከላከላሉ?

ዛጎል

ሰላም ናችሁ? እስቲ የምታውቁ እህታችሁን አስረዱኝ። ስለ በሽታ መከላከል የተማርኩት ሙሉ በሙሉ በሰው ላይ ነው። ቢ ሴል፣ ቲ ሴል፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ ክትባት፣ እዚያ ላይ ችግር የለብኝም። አሁን የጀመርኩት ጥናት ግን ኦይስተርና ሽሪምፕ ላይ ነው፤ ማንበብ ስጀምር ግራ ገባኝ። ፀረ እንግዳ አካል የላቸውም። ቢ ሴልም ቲ ሴልም የላቸውም። በአንድ ሚሊ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይገኛል፤ ቫይረሱ የዚያ አስር እጥፍ ይሆናል። ኦይስተር ይህንኑ ውሃ በስንጥቡ እያሳለፈ ነው ምግቡን የሚያጠልለው። ታዲያ እንዴት ነው ውሎ የሚያድረው?

የማነበው ሁሉ "ኢንዛይሞች ይከላከሉለታል" ይልና ያልፋል። ላይሶዛይም፣ ፌኖሎክሲዴዝ፣ ፐርኦክሲዴዝ ምናምን። እሺ፣ ግን ምን ያደርጋሉ? በምን ቅደም ተከተል? ሁለተኛ፣ አሣ ይከተባል፤ ሽሪምፕ ለምን አይከተብም? ሦስተኛው ለጥናቴ ዋናው ነው፦ ላይሶዛይሙ ከፍ ያለ እንስሳ ጤናማ ነው ማለት ይቻላል? ብዙ ሰው እንደዚያ እየጻፈ ነው፤ እኔን ግን አልዋጥ ብሎኛል።

ጥልቅ ውሃ

ዛጎል፣ መጀመሪያ "ፀረ እንግዳ አካል ከሌለው ራቁቱን ነው" የሚለውን ሐሳብ ተዪው። ፀረ እንግዳ አካል ያላቸው መንጋጋ ያላቸው ባለ አከርካሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከሻርክ ጀምሮ እስከ እኛ። ከቀረው የእንስሳ ዓለም እጅግ የሚበዛው ክፍል አብሮት በተወለደው መከላከያ ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ኖሯል። ነጭ የደም ሴል ወራሪን እንደሚውጥ የታወቀውም ከባህር እንስሳ ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ውስጥ ሜሲና ላይ ሳለ፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ የባህር ኮከብ እጭ ወስዶ እሾህ ሰካበት። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሴሎች ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውታል። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ መስመር በሠራው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኦይስተር። ደሙ እንደኛ በተዘጋ ቧንቧ ብቻ አይዞርም፤ በሰውነቱ ክፍት ቦታዎች ውስጥ ይፈስሳል፣ ሄሞሊምፍ ይባላል። በውስጡ ሄሞሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ። ባክቴሪያ ሲገባ በመጀመሪያ የሚለዩት በላዩ ላይ ባለው ስኳር ነው፤ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች እነዚያን ስኳሮች ይይዛሉ፣ ባክቴሪያዎቹን ያጣብቋቸዋል፣ ለመዋጥም ያመቻቻሉ። ከዚያ ሄሞሳይቱ ይውጠዋል። የኢንዛይሞቹ ሥራ በብዛት የሚታየው ከተዋጠ በኋላ ነው። ባክቴሪያው የተዘጋበት ከረጢት ኢንዛይም ከያዘ ሌላ ከረጢት ጋር ይዋሃድና ላይሶዛይም፣ ፕሮቲን ቆራጮች፣ ስብ ቆራጮች በአንድ ጊዜ ይለቀቁበታል። በተጓዳኝ ደግሞ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ኢንዛይም ኦክስጅንን ወደ ሱፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ያንን ወስዶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያደርገዋል። ካታሌዝ ደግሞ የተረፈውን ፐርኦክሳይድ ውሃና ኦክስጅን አድርጎ ይበትነዋል፤ አለዚያ እንስሳው ራሱን ያቃጥላል።

ላይሶዛይም ምን ይቆርጣል ላልሽው፦ የባክቴሪያ ግድግዳ የተሠራው ሁለት ዓይነት ስኳሮች እየተፈራረቁ በተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ላይሶዛይም በሁለቱ ስኳሮች መካከል ያለውን ማያያዣ ይበጥሳል። ግድግዳው ሲላላ የውስጥ ግፊቱን መቋቋም ያቅተዋል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለዚህ ኢንዛይም የጻፈው በሰው ንፍጥና እንባ ውስጥ አግኝቶት ነው። በእንስሳት ውስጥ በዋናነት ሦስት ዓይነት አለ፤ የዶሮ ዓይነት፣ የዝይ ዓይነት፣ የአከርካሪ አልባ ዓይነት። ኦይስተርና መሰሎቹ በዋናነት የሚታወቁት በሦስተኛው ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባህር ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች፣ ኦይስተርና ሽሪምፕን የሚያጠቃውን ቪብሪዮን ጨምሮ፣ ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። ከግድግዳቸው ውጭ ሌላ ሽፋን አላቸው፤ ላይሶዛይም ያንን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ ብቻውን ጀግና አይደለም። ሽፋኑን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ፤ ሙሰል በሚባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ውስጥ ዲፌንሲንና ማይቲሊን፣ በሽሪምፕ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቁት ፔኒይዲኖች። እነሱ ሲበሱ ላይሶዛይም ይገባል። ባክቴሪያዎቹም ዝም ብለው አይቀመጡም። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለች ባክቴሪያ የአከርካሪ አልባውን ዓይነት ላይሶዛይም ለይቶ የሚያግድ ፕሮቲን ትሠራለች። ይሄ ፍልሚያ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሰማያዊ ደም

ጥልቅ ውሃ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። ኢንዛይሙ ምን ይቆርጣል ከሚለው በላይ፣ እስከዚያ ድረስ ማን ይዞት ይቆያል የሚለውን ጠይቂ። እነዚህ እንስሳት ወራሪ ከመጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩበት ዕድል የላቸውም። መሣሪያው አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ግን ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ልክ ተቀባብሎ እንደተቀመጠ ጠመንጃ። ሳይፈለግ ቢተኮስ የሚጎዳው ባለቤቱን ነው። እንግዲህ የአብሮ ተወለዱ መከላከያ ጥበብ ያለው መቆለፊያው ላይ ነው ባይ ነኝ።

በፈረስ ኮቴ ሸርጣን እናስረዳ፤ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ደሙ ሰማያዊ ነው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ። የደሙ ሴሎች በጥቃቅን እንክብሎች የተሞሉ ናቸው። የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ቅንጣት፣ ማለትም ኢንዶቶክሲን፣ ሲነካቸው እንክብሎቹን ይዘረግፋሉ። ከዚያ ሰንሰለቱ ይጀምራል። ኢንዶቶክሲኑ ፋክተር ሲ የሚባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። ፋክተር ሲ ፋክተር ቢን ቆርጦ ይቀሰቅሳል። ፋክተር ቢ ደግሞ አርጊውን ኢንዛይም ከመቆለፊያው ይፈታዋል። እሱም ኮአጉሎጅን የተባለውን ፕሮቲን ሲቆርጠው ፈሳሹ ወደ ዝልግልግ ይለወጥና ባክቴሪያውን እዚያው ገብቶ በነበረበት ቦታ ያስረዋል። ለፈንገስ ሌላ በር አለ፣ ፋክተር ጂ፤ በፈንገስ ግድግዳ ስኳር ይቀሰቀስና እዚያው አርጊ ኢንዛይም ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ እርከን ብዙ የሚቀጥለውን እርከን ስለሚፈታ፣ ለዓይን ቀርቶ ለብዙ መሣሪያ የማይታይ የኢንዶቶክሲን መጠን ደሙን ያረጋዋል።

ሰው ይህንን ተጠቅሞበታል። ፍሬድሪክ ባንግ እ.ኤ.አ. በ1956 ክስተቱን ጻፈ፣ ከዚያ ከጃክ ሌቪን ጋር ሆነው ወደ ምርመራ ቀየሩት፤ በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ከዚያ በፊት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ንጹህ መሆኑ የሚረጋገጠው ጥንቸል ላይ ተወግቶ ትኩሳቷ ተለክቶ ነበር። የሸርጣኑ ምርመራ ጥንቸሎቹን አዳነ፣ በሌላ በኩል ግን ሸርጣኖቹን በየዓመቱ ለደም ማስለቀቅ ዳረገ። ከሚቀዱት ውስጥ ወደ ባህር ቢመለሱም የሚሞቱ አሉ። ሲንጋፖር ውስጥ ጂያክ ሊንግ ዲንግና ቦው ሆ የፋክተር ሲን ጂን ወስደው ኢንዛይሙን በላቦራቶሪ ሴል ማምረት ችለዋል፤ ሸርጣን ሳይነኩ ማለት ነው። ሰንሰለቱን እርከን በእርከን ባይረዱት ኖሮ የትኛውን ጂን እንደሚወስዱ እንኳ አያውቁም ነበር። ሰው ሠራሹ ኢንዛይም እያለ ሸርጣን መቅዳት መቀጠሉ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ሽሪምፕ ጋር ደግሞ ያው ሐሳብ በሌላ መልክ አለ። የተቆለፈው ኢንዛይም ፕሮፌኖሎክሲዴዝ ነው። የፈንገስ ወይም የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ሲገኝ ፕሮቲን ቆራጮች ተራ በተራ ይቀሰቀሱና እሱን ይፈቱታል፤ ከዚያ ፌኖሎችን ወደ ኪኖን ይቀይራል፣ ኪኖኖቹ ተያይዘው ጥቁሩን ሜላኒን ይሠራሉ። ቁስል ላይ የምታዪው ጥቁር ነጥብ እሱ ነው። ኪኖን መርዝ ነው። ወራሪውን ይገድላል፣ የራስንም ሴል ይገድላል። ለዚህ ነው ሰርፒን እና ፓሲፋስቲን የሚባሉ አጋጅ ፕሮቲኖች ሁልጊዜ አብረው የሚገኙት። ስለ ሽሪምፕ መከላከያ የሚጽፍ ሰው ስለ ኢንዛይሙ ብቻ ጽፎ ስለ አጋጁ ዝም ካለ ግማሹን ነው የነገረሽ።

ኩሬ ጠባቂ

እኔ የሽሪምፕ እርባታ ላይ ነው የምሠራው፤ ስለ ክትባቱ ልመልስ። ክትባት ማለት ለቢ ሴልና ለቲ ሴል የሚሰጥ ትምህርት ነው። ተማሪው ከሌለ ማን ይማራል? አሣ ተማሪው አለው፣ ስለዚህ ሳልመን ይከተባል። ሽሪምፕ የለውም።

ግን "ምንም ትውስታ የለውም" ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። በፓሲፊክ ኦይስተር ላይ ቫይረስ የገባ የሚያስመስል ሰው ሠራሽ ባለ ድርብ ክር አርኤንኤ ተወግቶ፣ ኦይስተሩ ከወራት በኋላ ለሄርፒስ ቫይረስ ሲጋለጥ ተቋቁሞ ታይቷል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ምግብ ላይ የሚጨመሩ ቤታ ግሉካኖችም (እንደ ፈንገስ ግድግዳው ያሉ ስኳሮች) ሄሞሳይቶቹን ያነቃቃሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ገበያው ነው። "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል" የተባለ ዱቄት ሁሉ ለገበሬው ይሸጣል። ሽሪምፕን በድንገት የሚገድለውን የጉበትና ቆሽት በሽታ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 መንስኤው ሲለይ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለች ባክቴሪያ ሆና ተገኘች፤ መርዝ የሚያሠራ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ትንሽ ክብ ዲኤንኤ፣ እንደያዘችም ኋላ ታወቀ። ባክቴሪያዋ በዋናነት ጨጓራ ውስጥ ትቀመጣለች፣ መርዙ ነው ሄዶ ሄፓቶፓንክሪያሱን፣ ማለትም የጉበትንና የቆሽትን ሥራ አጣምሮ የሚሠራውን እጢ፣ የሚያፈርሰው። ደም ውስጥ ያለ ፌኖሎክሲዴዝ እጥፍ ቢሆን እዚያ ምን ሊያደርግ ነው? እዚህ የሚረዳው ንጹህ ዘር፣ የኩሬው አፈርና ውሃ፣ የምግቡ መጠን ነው። ዱቄቱ ገዝቶት ለተቸገረ ሰው መልስ አይሆንም።

ሰማያዊ ደም

ኩሬ ጠባቂ፣ በገበያው ጉዳይ መቶ በመቶ እስማማለሁ። "ትውስታ" የሚለው ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። በሰው ላይ ትውስታ ስንል፣ ምላሹ ይረግብና ያው ወራሪ ሲመለስ ፈጥኖና በርትቶ ይነሳል። ኦይስተሩ ላይ በዚያ አርኤንኤ የታየው ግን ከዚህ ይለያል፤ ፀረ ቫይረስ ጂኖቹ ከተቀሰቀሱ በኋላ ሳይረግቡ ሥራ ላይ ይቆያሉ። ጥበቃው እውነት ነው፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ለዛጎል ይሄ ልዩነት ይጠቅማታል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ነቅቶ መቆየት ጉልበት ይበላል፣ የሚከፈለውም ከእድገትና ከመራባት ነው።

ኩሬ ጠባቂ

ተቀብያለሁ። ለእርባታ ሰው ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እንስሳው ለወራት ከቆመልን ዋጋ አለው።

ማይክሮስኮፕ

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ደግሞ የምውለው ከእሱ ጋር ነው።

አጭሩ መልስ፦ አይቻልም። ከፍ ያለ ላይሶዛይም ብቻውን ጤና ማለት አይደለም። እንስሳው አሁን ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል። ወይም ሄሞሳይቶቹ ፈንድተው የያዙትን ኢንዛይም ወደ ፈሳሹ አፍስሰውት ይሆናል፤ ብረታ ብረት፣ ነዳጅ፣ ሙቀት ሁሉ የላይሶዞምን፣ ማለትም ኢንዛይም የያዘውን ከረጢት፣ ሽፋን ያላላሉ። እንዲያውም የሙሰል ላይሶዞም ቀይ ቀለም ለምን ያህል ጊዜ ይዞ እንደሚቆይ በመለካት የባህር ብክለት ይመረመራል። ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ ብዙ ላይሶዛይም ስታገኚ፣ መሣሪያው በዝቶ ነው ወይስ መጋዘኑ ተሰብሮ ነው ብለሽ ጠይቂ። በዚያ ላይ ኦይስተር ላይሶዛይምን ለምግብ መፍጨትም ይጠቀምበታል፤ ከምግብ አፍጪው እጢ የለካሽውና ከሄሞሊምፍ የለካሽው አንድ ታሪክ አይነግሩሽም። ብዙ ሰው ሁለቱን አደባልቆ "ኢሚዩኒቲው ጨመረ" ይላል፤ እዚህ ላይ ፈጽሞ አልስማማም።

አለካኩም ራሱ ወጥመድ አለው። የተለመደው ዘዴ ማይክሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ብጥብጥ ውስጥ ናሙናሽን ጨምረሽ በ450 ናኖሜትር ብጥብጡ ምን ያህል እየጠራ እንደሄደ ማየት ነው። ማይክሮኮከስ ግራም ፖዚቲቭ ነው (ውጫዊው ሽፋን የለውም)፣ እንስሳሽን የሚያጠቃው ቪብሪዮ አይደለም። ውጤቱ በፒኤችና በጨው መጠን ክፉኛ ይቀያየራል። በ25 ዲግሪ የለካሽው በ10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ ላይወክል ይችላል፤ ከአይስላንድ ስካሎፕ፣ ባለ ዛጎል እንስሳ፣ የተገኘው ላይሶዛይም ለምሳሌ በቅዝቃዜ ጥሩ ይሠራል። የእንስሳውን የውሃ ሙቀት ያልጻፈ ሰንጠረዥ ለእኔ ግማሽ ሰንጠረዥ ነው።

ፌኖሎክሲዴዝ ላይም ሁለት ነገር ለዪ። ኢንዛይሙ የሚቀይረውን ኤል ዶፓ ጨምረሽ በ490 ናኖሜትር ስትለኪ፣ ፕሮቲን ቆራጩን ትሪፕሲን ሳትጨምሪ የምታገኚው የተቀሰቀሰውን ነው። ትሪፕሲን ስትጨምሪ ደግሞ ተቆልፎ የነበረውም ይፈታል፣ ጠቅላላውን ታያለሽ። ሁለቱን አብረሽ ካልለካሽ ሰማያዊ ደም ያወራለት መቆለፊያ ከእጅሽ ያመልጣል። ሌላ ደግሞ፣ የሽሪምፕ ሄሞሳያኒን፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ባለ መዳብ ፕሮቲን፣ ራሱ በአንዳንድ ሁኔታ እንደ ፌኖሎክሲዴዝ ይሠራል፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ ነው። ሴሎቹን ካልለየሽ የምትለኪው የማንን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም።

ዛጎል

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። መቆለፊያው የሚለው ብዙ ነገር ገለጠልኝ፤ የተፈታውንና የተቆለፈውን ለየብቻ እለካለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ፣ እነዚህ እንስሳት ወራሪን የሚለዩበት ነገር የኛን ያህል ብዙ ነው? ሁለት፣ ደሙን ስወስድ የሽሪምፑ ወዲያው ይረጋብኛል፣ የኦይስተሩ ግን አይረጋም፣ ሴሎቹ ብቻ ይጓጉላሉ። ልክ ነው?

ጥልቅ ውሃ

የመጀመሪያውን ልመልስ። ከኛ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ያላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሐምራዊው የባህር ጃርት ጂኖም ሲነበብ 222 ቶል መሰል ተቀባዮች (ወራሪን የሚለዩ ፕሮቲኖች) ተገኙበት። እኛ ያለን 10 ነው። ከ200 በላይ ሌሎች በሴል ውስጥ የሚሠሩ ተቀባዮችም አሉት። እና ይሄ እንስሳ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል።

ከአሣ ወገን ደግሞ የአትላንቲክ ኮድን እዪ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጂኖሙ ሲታተም ኤምኤችሲ ክፍል 2 የሚባለውን፣ የወራሪን ቁራጭ ለቲ ሴል የሚያሳየውን ሥርዓት ከነረዳቱ ሲዲ4 እንደጣለ ታወቀ። በኛ ቤት ያ ሥርዓት የጎደለው ልጅ በከባድ ኢንፌክሽን ነው የሚሰቃየው። ኮድ ግን በቀዝቃዛ ባህር ውስጥ በብዙ መንጋ ይኖራል፤ የኤምኤችሲ ክፍል 1 ጂኖቹን አብዝቷል፣ ከቶል መሰል ተቀባዮቹም አንዳንዶቹን እንዲሁ። ፀረ እንግዳ አካል ያለው እንስሳ እንኳ ወደ አብሮ ተወለዱ መከላከያ ሊያጋድል ይችላል ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ

ደሙ ላይ ያየሽው ልክ ነው። ሽሪምፕ ውስጥ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ከሄሞሳይቶቹ ይወጣና በፈሳሹ ያለውን አርጊ ፕሮቲን እርስ በርሱ ያስተሳስረዋል፤ ለዚህም ካልሲየም ይፈልጋል። ኦይስተር እንዲህ ዓይነት የሚረጋ ፈሳሽ የለውም፣ ቁስሉን የሚደፍኑት ሴሎቹ ራሳቸው ተጣብቀው ነው።

ስለዚህ ለሽሪምፑ ሲትሬትና ኢዲቲኤ ያለበት ቀዝቃዛ ማርጊያ መከላከያ ፈሳሽ መርፌው ውስጥ አስቀድመሽ ሙዪ፤ ካልሲየሙን ይይዝልሻል። ግን አስታውሺ፣ ፕሮፌኖሎክሲዴዝ እንዲፈታም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ያንን ስትለኪ ሴሎቹን በሴንትሪፊዩጅ ለይተሽ፣ አጥበሽ፣ ካልሲየም ባለበት በፈር ውስጥ አፍርሻቸው። ለኦይስተሩ ከዛጎል መዝጊያው ጡንቻ አጠገብ ካለው ክፍተት ቅጂ፣ በረዶ ላይ አቆዪው፣ ቶሎ ሥሪ። እና የሴሎቹን ቁጥር ሁልጊዜ አብረሽ መዝግቢ። ሄሞሳይቱ በግማሽ ቀንሶ ኢንዛይሙ ያው ከሆነ፣ በየሴሉ የያዘው እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ ቁጥሩን ካልያዝሽ ግን "ለውጥ የለም" ብለሽ ትጽፊዋለሽ።